ጥላው መቼ ይነሳል?

ሰኔ 2017 ነበር። ደሴ ክረምቷን ጀምራ፣ ጦሳ ከወገቡ በላይ ጉም ለብሷል። ፋርማሲው ቀዝቀዝ ብሎልኝ መደርደሪያ እየወለወልኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ታናሽ እህቴ ናት፤ ከሐርቡ።

«እትዬ፣ መርፌ ቀረ እያሉ ነው እኮ! አየሽው?»

ከድምፅ መልእክቷ ሥር ቪዲዮ አለ። ደማቅ ቢጫ ጽሑፍ፣ የሚያጣድፍ ሙዚቃ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ፈረንጅ። «ስኳር በሽታ መድኃኒት ተገኘለት» ይላል።

እህቴን ስኳር የያዛት በ11 ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ 24 ሞላት። አንድ የዒድ ዋዜማ ቁጭ ብላ ጠዋትና ማታ የተወጋችውን ስትደምር ከ9,000 በላይ ሆነባትና «ውይ፣ ወንፊት ሆኛለሁ ለካ» ብላ ስቃ ተወችው። «መርፌ ቀረ» የሚለው ወሬ ለሷ ምን እንደሆነ ስለማውቅ ነው ወዲያው ያልመለስኩላት።

ወሬው ፈጽሞ ውሸት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። የአብሽ ውሃ፣ የሽፈራው ቅጠል፣ «በ21 ቀን ከስኳር ነፃ»፤ እንዲህ ያለውን ሳስተባብል ነው የምውለው። ይኼኛው ግን ሥር አለው። ቨርቴክስ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከስቴም ሴል፣ ማለትም ገና ምን እንደሚሆን ካልለየለት ሕዋስ፣ ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳትን በላቦራቶሪ አሳድጎ ለሰው መስጠት ጀምሯል። ሕክምናውን ዚሚስሌሴል ብለውታል። በዚያው ወር በወጣው ውጤት፣ ሙሉው መጠን ተሰጥቷቸው ለአንድ ዓመት ከተከታተሏቸው 12 ሰዎች 10ሩ ኢንሱሊን መወጋት አቁመዋል። ሰዎቹ ዝም ብለው የተመረጡ አይደሉም፤ ስኳራቸው ሳያስጠነቅቃቸው እየወረደ ራሳቸውን ይስቱ የነበሩ ናቸው። እንዲያ መውደቁ ለ12ቱም ቀርቶላቸዋል።

ቪዲዮው እዚህ ላይ ያበቃል። የቀረውን ለእህቴ መንገር የኔ ዕዳ ሆነ። እነዚያ 10 ሰዎች መርፌውን ቢያስቀምጡም ኪኒን ይዘዋል፤ በሽታ ተከላካዩ የሰውነት ዘበኛ አዲሶቹን ሕዋሳት እንዳያጠቃ የሚያዳክም ኪኒን። ኪኒኑን ካቆሙ ሕዋሳቱን ያጣሉ። በጥናቱ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሞተዋል፤ የአንደኛው ሞት ቀድሞ ከነበረበት የማስታወስና የማሰብ ችግር ጋር የተያያዘ ነው፣ ሌላኛውን ግን የገደለው ፈንገስ ያመጣው ማጅራት ገትር ነው። የሰውነት ዘበኛ ሲዳከም በር የሚያገኘው እንዲህ ያለው ነው።

«ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ቁጭ ብለን እናወራለን። አብሽሪ» ብዬ ጻፍኩላት። ቅዳሜው ተገፍቶ ተገፍቶ ሐምሌ ገባ።

ስንናደድ «ቆሽቴ አረረ» እንላለን። አባባሉን ያወጣው ሰው ሐኪም ሳይሆን አይቀርም፤ የእህቴ ቆሽት እውነትም አርሯል። ቆሽት ውስጥ እዚህም እዚያም የተበተኑ ደቃቅ የሕዋስ እፍኞች አሉ። ጀርመናዊው ፓውል ላንገርሃንስ እ.ኤ.አ. በ1869 ገና ተማሪ ሳለ በማይክሮስኮፕ አይቷቸው ነበር፤ ኋላ በስሙ የላንገርሃንስ ደሴቶች ተባሉ። በጤነኛ ሰው ቆሽት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ይሆናሉ፤ ሁሉም ቢጠራቀሙ ግን ከቆሽቱ ክብደት ከመቶ ሁለት እጅ አይበልጡም። ኢንሱሊን የሚመነጨው ከነሱ ነው። ዓይነት 1 በሚባለው ስኳር የሰውነት የገዛ ዘበኛ ይነሣና ኢንሱሊን አመንጪዎቹን ይፈጃቸዋል። ይህን ሳስረዳት 14 ዓመቷ ነበር። «ደሴ ተወልጄ ደሴት አጣሁ በይኛ!» አለችኝ። እስከ ዛሬ ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

ታዲያ የጠፋውን ደሴት ከሌላ ሰው ወይም ከላቦራቶሪ አምጥቶ መተካት ነው ነገሩ። አማርኛችን ለዚህ ያለው ስም ንቅለ ተከላ ነው። ነቅሎ መትከል። ቃሉ የሆስፒታል ሳይሆን የማሳ ቃል ነው። የሐረጎን ጥምዝምዝ ወርጄ፣ ኮምቦልቻን አልፌ ሐርቡ ስገባ አባዬ ያንኑ ሲሠራ ደረስኩ፤ የበርበሬ ችግኝ ከመደብ ወደ ማሳ እያዛወረ ነበር።

አባዬ ጠዋት አይተክልም። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነው የሚጀምረው። ችግኙን ሥሩ እንዳይደርቅ ከነጭቃው ይነቅለዋል፣ ተክሎ ወዲያው ያጠጣዋል፣ በማግስቱ ደከም ያሉትን እየመረጠ የጉሎ ቅጠል ያለብሳቸዋል። ችግኙ ሦስት አራት ቀን አንገቱን ደፍቶ ይሰነብታል። ለማያውቅ ሰው የሞተ ይመስላል። ከዚያ አንድ ጠዋት ቀና ይላል፤ አባዬም «ያዘ» ይላል። ሌላ ቃል አይጨምርም።

አብሬው እያጠጣሁ ነበር የነገርኩት። ደሴቶቹ ከሟች ሰው ቆሽት ተለይተው ሲወጡ የደም ሥራቸው ሁሉ ይበጠሳል፤ ሥሩ እንደተቆረጠ ችግኝ ማለት ነው። ሆድ ተከፍቶ አይደለም የሚገቡት። በከረጢት ሆነው፣ በቀጭን ቱቦ፣ ወደ ጉበት በሚገባው ትልቅ የደም ሥር በኩል እንደ ግሉኮስ ቀስ እያሉ ይፈሳሉ። ጉበት ውስጥ አርፈው አዲስ የደም ሥር እስኪያበጁ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ ከዙሪያቸው የሚሰርገውን ኦክስጅን እየተቃመሱ ነው የሚቆዩት። በዚህ ላይ ደሙ ራሱ እንደ ባዕድ ስለሚያያቸው ገና ሲነካቸው ይረጋባቸዋል። ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያልቃሉ።

«ግማሽ?» አለ አባዬ። «እንዲያ ከሆነ ተካዩ አያውቅበትም።»

ያውቅበታል። በነዚያ ቀናት የሚሰጡት መድኃኒቶች የጉሎ ቅጠሉ ናቸው። ሄፓሪን አለ፣ ደሙ እንዳይረጋ። ኢታነርሴፕት የሚሉት ደግሞ አለ፤ ዋና ሥራው ለመገጣጠሚያ ቁርጥማት ሲሆን፣ እዚህ ላይ በደሴቶቹ ዙሪያ የሚነሣውን ብግነት ያበርዳል። ሰው የማይጠብቀው ሦስተኛው ነው፤ ኢንሱሊን። ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋስ ተተክሎልህ ኢንሱሊን ትወጋለህ! ምክንያቱ ቀላል ነው። ከፍተኛ ስኳር ለነዚህ ሕዋሳት መርዝ ነው፤ ገና ሥር ሳይዙ ሥራ ከበዛባቸው ይሞታሉ። ስለዚህ ለጥቂት ሳምንታት ኢንሱሊኑ ከውጭ እየገባ እነሱ ያርፋሉ። እንዲያውም ከመድኃኒቶቹ ሁሉ እህቴን ያስደሰታት ይኸኛው ነው። ያ የሰለቻት ብልቃጥ አንድ ቀን የሌላ ሕዋስ ሞግዚት ሊሆን ይችላል።

አራተኛውን ስነግራት ግን አላመነችኝም። በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ በረሃ ጊላ የሚባል መርዘኛ እንሽላሊት አለ፤ በዓመት ውስጥ የሚበላበት ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው። በምራቁ ውስጥ እኛ ስንበላ ከአንጀታችን የሚወጣውን፣ ቆሽትን «ሥራ ጀምር» የሚለውን ሆርሞን የሚመስል ነገር ተገኘበት። ከዚያ የተቀዳው መድኃኒት ኤክሴናታይድ ይባላል። ዓይነት 2 ስኳር ላለባቸው ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተፈቅዷል። የደሴት ንቅለ ተከላ ሐኪሞችም ወሰዱት፤ ሕዋሱን ያበረታዋል፣ ከሞትም ይከላከልለታል ብለው። በቺካጎ ከኢታነርሴፕት ጋር አዳብለው በጥቂት ሰዎች ላይ ሞክረውት፣ አነስ ባለ የሕዋስ መጠን ኢንሱሊን ማቆም ችለዋል። ማቅለሽለሹ ግን ቀላል አይደለም። «የእንሽላሊት ምራቅ ተወግቼማ እንኳን ማቅለሽለሽ» አለች እህቴ።

እስከዚህ ያለው ችግኙን ማስያዝ ነው። ዋናው ጣጣ ከያዘ በኋላ ይመጣል።

በኩላሊት ንቅለ ተከላ ሰውነት አዲሱን ኩላሊት የሚጠላው ባዕድ ስለሆነ ነው። በእህቴ ዓይነት ሰው ላይ ግን ሌላም አለ፤ ቂም። የሰውነቷ ዘበኛ እነዚህን ሕዋሳት ቀድሞ ያውቃቸዋል። ከ13 ዓመት በፊት ጨርሷቸው ተቀምጧል፤ ተመልሰው ቢመጡ አይረሳቸውም። ስለዚህ መድኃኒቱ ሁለት ጠብ ነው የሚያበርደው፤ አዲሱንም አሮጌውንም።

እ.ኤ.አ. እስከ 2000 ድረስ ይህ ሊሳካ ያልቻለበት አንዱ ምክንያት ከኛ መደርደሪያ ላይ የማይጠፋው፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ ነው። ዘበኛውን ያስተኛል፣ ግን ስኳር ያወጣል። ለአስማቸው የሚወስዱ እናቶች «ልጄ፣ ስኳሬን ምን ነካው?» እያሉ ይመጡብኛል። ስኳር የሚያወጣ መድኃኒት ሰጥቶ ስኳር የሚያወርድ ሕዋስ አድን ማለት፣ እህል እያሰጡ ዶሮ እንደ መልቀቅ ነው። በካናዳ ኤድመንተን ጄምስ ሻፒሮና ባልደረቦቹ ያደረጉት እሱን ማስወጣት ነበር። ስቴሮይዱን ተዉና ዘበኛውን በሌላ መንገድ የሚያዳክሙትን ሲሮሊመስን፣ አነስተኛ ታክሮሊመስንና ዳክሊዙማብን አጣመሩ፤ ከአንድ በላይ ለጋሽም ተጠቀሙ። ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ ሰባቱም ኢንሱሊን አቆሙ። ዓለም ጉድ አለ።

አምስት ዓመት ሲሞላ ግን ከኤድመንተን ሕሙማን ያለ ኢንሱሊን የቀሩት ከአሥር አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ ትንሽ ትንሽ ኢንሱሊን ያመነጩ ስለነበር ድንገተኛ መውደቁ ቀንሶላቸዋል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መርፌው ግን ተመልሷል።

ለምን? አንዱ መልስ ጠባቂዎቹ ራሳቸው ናቸው። ታክሮሊመስ ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋስን ይጎዳል። ሲሮሊመስ አዲስ የደም ሥር እንዳያድግ ይይዛል፤ ያ ችግኝ በጣም የሚፈልገውን ማለት ነው። አባዬ ማሽላው ሲያሽት ማማ ላይ ወፍ ጠባቂ ልጅ ያቆማል። ልጁ ወንጭፉን እያጮኸ ወፉን ያባርራል፤ ሲርበው ደግሞ እሸቱን ይበላል። «ጠባቂ የማይበላው ማሽላ የለም» አለኝ፤ «ዋናው ከወፉ ያነሰ መብላቱ ነው።» ሐኪሞቹ በየጊዜው በደም ምርመራ የታክሮሊመሱን መጠን የሚለኩት ይህንኑ ሂሳብ ለመሥራት ነው።

እነዚህ ሁለት መድኃኒቶች ከየት እንደተገኙ ስነግረው ነው አባዬ ማጠጫውን ያስቀመጠው። ሁለቱም ከአፈር ነው የወጡት። ሲሮሊመስ በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል ካለችው ራፓ ኑይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1964 ተዘግኖ ከመጣ አፈር ውስጥ ከነበረ ባክቴሪያ፤ ራፓማይሲን የሚለው ሌላ ስሙም ከደሴቲቱ ነው። ታክሮሊመስ ጃፓን ውስጥ ከጹኩባ አፈር፣ በ1984። አባዬ ጭብጥ አፈር አንሥቶ በጣቶቹ ፈረፈረው። «እኛስ ሐርቡን ማን ፈተሸልን?» አለ። መልስ አልነበረኝም።

ስለ ታክሮሊመስ የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ደሴ በኛ ሰፈር ኩላሊት የተተከለላቸው ጋሼ አሉ። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው በመስከረም 2008 ነው፤ እሳቸው ከዚያ ጥቂት ዓመት ቆይተው የወንድማቸውን ኩላሊት ተቀበሉ። ጠዋት 1 ሰዓት ኪኒን፣ ማታ 1 ሰዓት ኪኒን። ሰዓቱ ሲደርስ ስልካቸው ይጮኻል፤ መስጊድ ውስጥም ቢሆኑ፣ ሠርግ ላይም ቢሆኑ። ሰው የበዛበት ለቅሶ አይቀመጡም፤ ቅሬው፣ የሰፈሩ ዕድር ማለት ነው፣ ተሰብስቦ ከመቃብር ቁፋሮ ነፃ ቢያደርጋቸው አለቀሱ። «ሰው ሲሞት አፈር ካላለበስኩ ምኑን ጎረቤት ሆንኩ?» አሉኝ። እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ከመድኃኒቱ ነው። ስኳር አልነበረባቸውም፤ አሁን አለባቸው። ይህም ከመድኃኒቱ ነው።

ያ የማይረሳ የ2014 ጥቅምትና ኅዳር መጣ። ጦርነቱ ደሴንም ሐርቡንም ሲውጥ መንገድ ተዘጋ፣ ፋርማሲ ተዘጋ፣ መብራት ጠፋ። እህቴ እጇ ላይ የነበረው አንድ ብልቃጥ ተኩልም አይሞላ። እማዬ ከባቲ የሰኞ ገበያ ገዝታ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ የቀበረችው ገንቦ ባይኖር እሱም በሐርቡ ሙቀት ይበላሽ ነበር። እህቴ መጠኑን ቀነሰች፣ ምግቧን ቀነሰች፣ ውሃ ብቻ ጨመረች። ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ። እኔ ደሴ፣ እሷ ሐርቡ፤ በደህና ቀን ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። መንገዱ ሲከፈት ያገኘኋትን ልጅ ልገልጻት አልፈልግም።

ጋሼም ኪኒን ይቆጥሩ ነበር። «ዛሬ አንድ ልዝለል፣ ነገ ልዋጥ» እያሉ። ኋላ የነገሩኝን አልረሳውም፤ «ረሃቡን ቻልኩት፤ ያላስቻለኝ ኩላሊቱ የወንድሜ መሆኑ ነው። የሰው አደራ በእጄ ሊሞት ነው አልኩ።» ኩላሊቱ ተረፈ፤ አልሐምዱሊላህ።

ስለዚህ የሐርቡዋ እህቴ ሕዋሱን አገኘች እንበል። መርፌው ቀረ። አሁን ከሐርቡ ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የተዘረጋችው ቀጭን የመድኃኒት መንገድ አልቀረችም፤ ዕቃው ነው የተቀየረው። እንዲያውም ሌንቴ፣ እህቴ የምትወጋው ኢንሱሊን፣ ከታክሮሊመስ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። ይህን ስል ሕክምናውን ማጣጣሌ አይደለም። ሌሊት ስኳሩ እየወረደ ራሱን የሚስት፣ ሚስቱ ማር ይዛ የማትተኛለት ሰው ቢጠይቀኝ «ሂድ፣ ኪኒኑንም ዋጥ» እለው ነበር። እህቴ እንዲያ አይደለችም። መውረዱ ይታወቃታል፤ ላብ ሲላት ተምር ታነሣለች።

አባዬ ሁሉን ሰምቶ፣ የመጨረሻዋን ችግኝ የጉሎ ቅጠል አልብሶ ቀና አለና የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው። «እሺ፣ ጥላውስ መቼ ይነሳል?»

«አይነሳም፣ አባዬ።»

«ዕድሜ ልክ?»

«ሕዋሱ እስካለ።»

«ታዲያ አልያዘማ» አለ።

ተመራማሪዎቹም በሌላ ቋንቋ ይህንኑ የሚሉ ይመስለኛል። አሁን ሩጫው ጥላ ወደማያሻው ችግኝ ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ታክሮሊመሱን ትተው ቴጎፕሩባርት በተባለ፣ ኢንሱሊን አመንጪውን ሕዋስ በማይጎዳ ፀረ-አካል ጥቂት ሰዎችን ሞክረዋል፤ ይህ ጥላውን ማሳሳት ነው። በስዊድን ኡፕሳላ ያደረጉት ደግሞ ጥላውን ጨርሶ መተው ነው። የለጋሽ ደሴቶችን ጂን አርመው፣ ዘበኛው ባዕድነታቸውን የሚያውቅበትን ምልክት ሸሸጉና በአንድ ሰው ክንድ ጡንቻ ውስጥ በመርፌ ተከሏቸው። ምንም የመከላከያ ማዳከሚያ አልሰጡትም። በዚያው ክረምት የወጣው ጽሑፍ እንደሚለው ከ12 ሳምንት በኋላ ሕዋሳቱ በሕይወት አሉ፣ ኢንሱሊንም ያመነጫሉ። የተተከለው መጠን ሆን ተብሎ ትንሽ ስለሆነ ሰውዬው አሁንም ኢንሱሊኑን ይወጋል። ያዘ ወይስ አልያዘም? አባዬን በስልክ ጠየቅኩት፤ «ሦስት ወር ያለ ጥላ ከቆመ፣ ቁመቱ ቢያጥርም ይዟል» አለኝ።

እህቴን ግን የጠየቅኳት ያን የሐምሌ ማታ ነው፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ። ነገ ጠርተው ሕዋሱንም ኪኒኑንም በነፃ ቢሰጡሽ ትቀበያለሽ? አልኳት። ታጭታለች፤ ኒካዋ ለጥር ተቆርጧል። ከኪኒኖቹ አንዳንዶቹ፣ በተለይ ማይኮፌኖሌት፣ ለፅንስ አደገኛ እንደሆኑ ነግሬያት ነበር።

«ልጅ ልውለድና ጠይቂኝ» አለች። «ሁለት። ከሁለቱ በኋላ።»

ስለ ኡፕሳላው ለመስቀል እረፍት ስሄድ እነግራታለሁ ብዬ ነበር፤ አላስቻለኝም፣ ነሐሴ ላይ ደወልኩላት። ማታ 1 ሰዓት ገደማ ነው፣ የመርፌዋ ሰዓት። በቪዲዮ ሳያት ብልቃጡን ከገንቦው አውጥታ ደፍራሳውን ኢንሱሊን በመዳፎቿ መካከል ታንከባልላለች፤ እንደማይናወጥ፣ እንደሚንከባለል ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

«ክንዱ ላይ ነው የተከሉት?»

«ክንዱ ላይ።»

እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን በመብራቱ አየችው። ከ13 ዓመት ውጊያ የተረፉ እብጠቶች አሉበት።

«ቦታ ካገኙ» አለችና፣ ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ ሆዷ ላይ ወጋችው።